ከግድግዳው አስቀድሞ ወረቀቱ
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር)



የዚህ ደብር ታሪክ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይሣል የሚል መልካም አሳብ በብዙዎቻችሁ ዘንድ ስላለ፥ ሥዕሉ ሳይጀመር ሊደረግ ስለሚገባው ነገር ጥቂት ቃል ልናገር ወድጃለሁ።

ወርቅ ሠሪ አስቀድሞ ሰሙን ይቀርጻል እንጂ ወርቁን እንዲሁ አያፈስም፤ ሰሙ የተጣመመ እንደ ሆነ ወርቁም ተጣሞ ይወጣልና። ለታሪክ ሥዕል ሰሙ በወረቀት የተነደፈው የልብስ መልክ ነው። ይልቁንም በእርጥብ ኖራ ላይ የሚሥል ሰው ኖራው ሳይደርቅ መጨረስ ስላለበት፥ የካባውን ዘርፍና የአክሊሉን ቅርጽ ከግድግዳው ፊት ቆሞ ሊፈልግ አይችልም።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን በኢጣልያ አገር አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1438 ዓመተ ምሕረት የቍስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 8ኛ ፓሌዎሎጎስ ስለ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ለተሰበሰበው ጉባኤ ወደ ፌራራ ከተማ መጣ። ፒሳኔሎ የተባለ ሠዓሊም ንጉሡንና ተከታዮቹን ተመልክቶ፥ የቆቡን ሹልነት፥ የልብሱን እጥፋት፥ የፍላጻውን ሰገባ ሳይቀር በወረቀት ነደፈ። የቀለሙ ነገር እንዳይዘነጋም በንድፉ አጠገብ በጽሕፈት አኖረው። ከነዚያ ወረቀቶች አንዳንዶቹ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ሙዚየምና በአሜሪካ በሺካጎ ከተማ ይጠበቃሉ። በ1453 ቍስጥንጥንያ በኦቶማኖች እጅ ወደቀች፤ ለባሾቹ አለፉ፥ ወረቀቱ ግን ቀረ።

ከዚያም በአሬትሶ ከተማ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ፒየሮ ዴላ ፍራንቼስካ የሚባለው ሠዓሊ የቅዱስ መስቀሉንና የንግሥት ዕሌኒን ታሪክ ሲሥል፥ ቈስጠንጢኖስን እንደ ንጉሥ ዮሐንስ ያለ ሹል ቆብ ደፍቶለት ይታያል። ቈስጠንጢኖስ ድል ያደረገው በ312 ነው፤ ቆቡ ግን ከሺህ ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። በዓይን ታይቶ የተነደፈ ልብስ የጠፋውን መንግሥት መልክ ያቆያል፤ ዘመኑ ሳይመረመር ለሌላ ሰው ቢለበስ ግን ዘመንን ከዘመን ያደባልቃል።

በአገራችንም በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል። ልብሳቸው በዘመናቸው ሰው እጅ ስለ ተሣለ፥ የዚያን ጊዜ የቤተ መንግሥት ልብስ ምን ይመስል እንደ ነበረ ዛሬም ይነግረናል።

«ሥዕል ለጸሎት ነው፥ ስለ ልብስ ምን ያስጨንቃል?» የሚል ይኖር ይሆናል። የቅዱሳን ሥዕል ከአባቶች የተቀበልነው ሥርዓት አለው፤ በርሱ ላይ አንጨምርም። የደብሩ መሥራቾች ታሪክ ግን ምስክርነት ነው፤ ምስክርም ሊዋሽ አይገባውም።

ስለዚህ በየቤታችሁ ሣጥን የተቀመጠውን ካባ፥ ለምድ፥ ጃኖና በርኖስ ብል ሳይበላው አውጡት። ጽሕፈት የሚያውቁ ልጆች ከሽማግሌዎች እግር ሥር ተቀምጠው ማን እንደ ለበሰው፥ በምን በዓልና በማን ዘመን እንደ ተለበሰ፥ ቀለሙም ምን እንደ ሆነ ይጻፉ፤ ሠዓሊውም በወረቀት ይንደፈው። ይህ ሳይሆን ብሩሽ ግድግዳውን አይንካ። ሽማግሌ በሞተ ቍጥር ከሣጥኑ ልብስ የሚናገር አንደበት ይጠፋልና፥ ኖራ ይቈያል፥ ሽማግሌ ግን አይቈይም።

ልጆቻችን ከግድግዳው ፊት ቆመው «አባቶቻችን እንዲህ ነበሩ» ሲሉ ቃላቸው እውነት እንዲሆን እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።