ዜሮም ንባብ ነው

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን “ስለ ሥራህ ንገረን፤ ቀመር ግን እንዳታበዛ” ብለው ስላስጠነቀቁኝ ቀመሩን ቤት ትቼው መጥቻለሁ። ከብዙዎቻችሁ ጋር ከተያየን ዓመታት አልፈዋል። በር ላይ ሰላም ስንባባል አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፤ “አንተ ሰውዬ፣ ከአራት ኪሎ ኬሚስትሪ ተነሥተህ በረዶ ላይ ምን ትሠራለህ?” መልሱ አጭር ነው። አየር እለካለሁ። “አየር ደግሞ ምኑ ይለካል?” ለምትሉ ግን ትንሽ ደቂቃ ስጡኝ።

አየር በአብዛኛው ናይትሮጂንና ኦክሲጅን ነው። እኔና ባልደረቦቼ የምንፈልጋቸው ግን በኢምንት መጠን የሚገኙትን፣ ካገኙት ነገር ጋር ፈጥነው የሚዋሐዱትን ጋዞች ነው። መሬት አጠገብ ያለው ኦዞን ብዙ ጊዜ ከቢሊዮን የአየር ቅንጣት 30 ወይም 40 ያህል ነው። በጤፍ ልንገራችሁ። አንድ ቢሊዮን ፍሬ ጤፍ በግምት ሦስት ኩንታል ይሆናል። ከሦስት ኩንታል ጤፍ ውስጥ አርባ ፍሬ ለይታችሁ ቁጠሩ እንደማለት ነው። ብሮሚን ሞኖክሳይድ የሚባለው ደግሞ ከትሪሊዮን 20 ወይም 30 ሲገኝ “ዛሬ በዝቷል” እንላለን። ይሄ እንግዲህ በሦስት ሺህ ኩንታል ውስጥ ሃያ ሠላሳ ፍሬ መሆኑ ነው። እነዚህን ጋዞች በጠርሙስ ሞልቶ ወደ ላቦራቶሪ መውሰድ አይቻልም፤ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ተዋሕደው ያልቃሉ። ስለዚህ መሣሪያው ወደ እነሱ ይሄዳል፤ እኛም መሣሪያውን ተከትለን እንሄዳለን።

የት ነው የምንሄደው? እኔ ብዙ የሠራሁት በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኡትኪያግቪክ በምትባል ከተማ ነው፤ ቀድሞ ባሮው ትባል የነበረችው። እዚያ በኅዳር የገባች ፀሐይ እስከ ጥር ድረስ ጨርሶ አትወጣም። ዋናው ሥራችን የሚጀምረው ፀሐይዋ ከተመለሰች በኋላ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው።

በ1980ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) በካናዳ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ አለርት በሚባል ጣቢያ የሚሠሩ ሰዎች አንድ የሚገርም ነገር አዩ። ፀሐይ በምትመለስበት ወራት፣ መሬት አጠገብ ያለው ኦዞን በድንገት ይወርድና ዜሮ አጠገብ ይደርሳል። ሌን ባሪና ባልደረቦቹ በ1988 ይህን ከብሮሚን ጋር አያይዘው አሳተሙ። ነገሩ እንዲህ ነው። የባሕር ጨው በበረዶው ላይ ተኝቶ ይከርማል። በጨው ውስጥ ያለው ብሮሚን ብርሃን ሲመለስ ወደ አየር ይወጣል፤ ፀሐይ ትሰነጥቀዋለች፤ ኦዞንን ይበላል፤ ከዚያ ተመልሶ ነፃ ይሆንና ሌላውን ይበላል። በዚህ ዙር አየሩ ከበረዶው ተጨማሪ ብሮሚን ያወጣል። ከ40 ወደ ዜሮ ለመውረድ አንዳንዴ ቀናት፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይበቁታል።

አሁን ራሳችሁን እዚያ አስቀምጡ። ሌሊት ነው፤ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ዜሮ ይላል። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ወይስ አየሩ ነው?

ሥራችን በሙሉ ይቺ ጥያቄ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። መጀመሪያ የአየር መግቢያ ቱቦው አመዳይ ይዞት እንደሆነ እናያለን። ቀጥሎ መጠኑ የታወቀ ኦዞን እንሰጠዋለን፤ ልክ ካነበበ መሣሪያው ደኅና ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ግን ትልቁ ነው፤ እኛው ራሳችን ነን። መብራት የሚሰጠን ጄኔሬተር፣ በበረዶ ላይ የምንሄድበት ሞተር፣ ሁሉም ናይትሪክ ኦክሳይድ ያወጣሉ፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ደግሞ ኦዞንን ወዲያው ያጠፋል። ነፋሱ ከጄኔሬተሩ በኩል ከመጣ የምናነበው ዜሮ የገዛ ጭሳችን ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ናይትሪክ ኦክሳይድንም፣ ብሮሚኑንም፣ የነፋሱንም አቅጣጫ እንለካለን። ናይትሪክ ኦክሳይዱ ከፍ ካለ፣ ያ ዜሮ የእኛ ነው። እሱ ዝቅ ብሎ ብሮሚኑ ከፍ ካለና ነፋሱ ከባሕሩ በረዶ ከመጣ፣ ዜሮው እውነት ነው።

“እሺ፣ እውነት ቢሆንስ ምን ይጠቅመናል?” ትሉ ይሆናል። ይህንን የጠየቀኝ ከእናንተ በፊት አንድ ኢኑፒያት አዳኝ ነው። እኛ ወደ መሣሪያው አጎንብሰን ስንሠራ እሱ ጠመንጃውን ይዞ ከዋልታ ድብ ይጠብቀናል። ስለ ሜርኩሪ ነገርኩት። በ1995 እዚያው አለርት ሲለካ፣ በአየር ላይ ያለው ሜርኩሪ ኦዞኑ በወደቀ ቁጥር አብሮ ይወድቅ ነበር። ብሮሚኑ ሜርኩሪውን ይለውጠዋል፤ የተለወጠውም በረዶው ላይ ያርፋል። ከፊሉ ተመልሶ ወደ አየር ይሄዳል፤ ከፊሉ ግን በረዶው ሲቀልጥ ወደ ውኃው ሊገባ ይችላል። ሰውዬው ዝም ብሎ ሰማኝና “እኔ የምበላው እኮ ከዚያ ባሕር ነው” አለኝ። ያን ሜርኩሪ ያወጣው እሱ አይደለም፤ አብዛኛው ከሩቅ አገር፣ ከድንጋይ ከሰልና ከማዕድን ሥራ የመጣ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልተጣራ ቁጥር ጽፌ ማለፍ አይሆንልኝም።

አሁን ወደ ሌላኛው የምድር ጫፍ፣ ወደ አንታርክቲካ ልውሰዳችሁ። እዚያ የምነግራችሁ መሬት አጠገብ ስላለው ሳይሆን ከላይ ሆኖ ከፀሐይ ጨረር ስለሚከላከልልን ኦዞን ነው። እንግሊዞች በሃሊ ጣቢያ ከ1950ዎቹ ጀምረው በየዓመቱ ይለኩት ነበር። ለብዙ ጊዜ ምንም አዲስ ነገር አልታየም፤ አሰልቺ ሥራ ነበር። ከዚያ የጥቅምት ወር ንባብ ከ300 ዶብሰን ገደማ ወደ 200 ገደማ ወረደ። ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን መጀመሪያ የጠረጠሩት መሣሪያውን ነው፤ በሌላ ቀየሩት፤ ቁጥሩ ያው ሆነ። በ1985 አሳተሙ። በ1987 የጀምስ አንደርሰን መሣሪያ በአውሮፕላን ተጭኖ እዚያው ከፍታ ላይ ክሎሪን ሞኖክሳይድን ለካ። እሱ ሲጨምር ኦዞኑ ይቀንሳል። ጥፋተኛው ከማቀዝቀዣ ጋዝና ከመሳሰሉት የመጣው ክሎሪን መሆኑ ከዚያ ወዲያ አላከራከረም። በዚያው ዓመት የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ዛሬ አገራችንን ጨምሮ የዓለም አገሮች በሙሉ ገብተውበታል። ሰፈራችሁ ያለው ፍሪጅ ጠጋኝ የሚሞላው ጋዝ የተለወጠው በእነዚያ አሰልቺ መዝገቦች ምክንያት ነው።

ወገኖቼ፣ ልብ በሉልኝ፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተያዘ መዝገብ ባይኖር ኖሮ “ወረደ” ብሎ ለመናገር አይቻልም ነበር። ከምን ወረደ? አራት ኪሎ ላቦራቶሪ ውስጥ መምህራችን “ስርዝ ድልዝ አልፈልግም፤ የማትወዱትን ቁጥር በአንድ መስመር ሰርዙት፤ ግን እንዲነበብ ተዉት” ሲሉን ስንቶቻችን አጉረምርመናል! እኔ ዛሬም ደሞዝ የሚከፈለኝ በዚያች ትእዛዝ ነው።

ለዚህ ነው ዛሬ አንድ ነገር የምለምናችሁ። ማኅበራችን ለትምህርት ክፍሉ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰበ መሆኑን ሰምቻለሁ። እሰየው! ነገር ግን መሣሪያ ብቻውን ከተላከ ሪባን ተቆርጦለት፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አቧራ ይለብሳል። ይህንን በብዙ አገር አይቻለሁ። ከምንሰበስበው ገንዘብ ቢያንስ ግማሹ ለማስተካከያ ጋዝ፣ ለመለዋወጫና መሣሪያውን በየቀኑ ለሚከታተል አንድ ቴክኒሽያን ደሞዝ ይዋል። የአዲስ አበባ አየር ዛሬ እንዴት እንዳደረ በየቀኑ የሚጽፍ አንድ ወጣት ይኑረን። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ቁጥሮች ለማንም ዜና አይሆኑም፤ ይሰለቻል። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን አንድ ሰው “የከተማችን አየር ተባብሷል ወይስ ተሻሽሏል?” ብሎ ሲጠይቅ፣ በግምት ሳይሆን መዝገብ ገልጦ የሚመልስ ይኖራል።

የእኔን ድርሻ ዛሬ ለገንዘብ ያዣችን አስረክቤያለሁ። የእናንተን እጠብቃለሁ።