የቆመ ባትሪም ቀለብ ይፈልጋል

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከእርሻ መሣሪያዎች ጥገና ክፍል የቀረበ ንግግር)

በዛሬው ዕለት ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቅርቦት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልም ብዙ ተብሏል። እኔ የማነሳው ግን አንድ ሰው በሁለት እጁ ሊያነሳው ስለሚችል ዕቃ ነው። እርሱም የትራክተራችንና የኮምባይነራችን ባትሪ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ትንሽ አይደለም። ስንዴው ደርሶ፣ ሰማዩ እየዳመነ፣ ገበሬው ተራውን ይዞ ኮምባይነሩን ሲጠባበቅ ቁልፉ ተጠምዝዞ ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ቢል፣ ኪሣራው የባትሪው ዋጋ ብቻ አይሆንም። አዲስ ባትሪ ከከተማ እስኪመጣ ድረስ የሚያልፈው ቀን አለ። በዚያ መካከል ያለ ጊዜው የሚጥል ዝናብ የደረሰ ስንዴን በማሳው ላይ ያበቅለዋል፣ ያረግፈዋልም። ይህ የዓመት ልፋት ነው።

እንግዲህ ባትሪን የሚገድለው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ሥራ ይመስለናል። እውነቱ ግን በአብዛኛው ሥራ መፍታት ነው። የመኸር አጨዳ እንደየአካባቢው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ኮምባይነሩ ለብዙ ወራት ይቆማል። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ደግሞ ምንም ሳይሠራ፣ ምንም ሳይታሰርበትም በራሱ ጊዜ ኃይሉን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ሙቀት ባለበት ቤት ውስጥ ሲሆን ይፈጥናል። ኃይሉ አንሶ ሲቆይ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ይህ ቅርፊት ከጠነከረ በኋላ በየትኛውም ቻርጀር ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

በዚህ ላይ የዛሬ ማሽኖች ሰዓት፣ ሬዲዮና ኮምፒዩተር አላቸው፤ ቁልፉ ተነቅሎም ጥቂት ኃይል ይስባሉ። አንድ ማሽን 50 ሚሊአምፔር ብቻ ቢስብ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት፣ በ30 ቀን 36 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። የ100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በዚህ አካሄድ ሦስት ወር ሳይሞላው ባዶ ይሆናል ማለት ነው። አርሶ አደር በሬውን በበጋ የሚቀልበው በበጋ ስለሚያርስበት አይደለም፤ ለክረምቱ ጉልበት እንዲኖረው ነው። ባትሪም እንደዚሁ ነው።

«በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ብናስነሳው ይበቃል» የሚል አሳብ ይሰማል። አሥር ደቂቃ የባዘነን ባትሪ አይሞላውም፣ ናፍጣ ግን ይበላል። «ዋናውን ማጥፊያ ብናጠፋስ?» ለሚለው መልሱ፦ ጥሩ ነው፣ አድርጉት፤ ማሽኑ የሚስበውን ያቆማል። ባትሪው በራሱ የሚያጣውን ግን አያስቆምም።

መፍትሔው ሜንቴይነር የሚባለው ባትሪ ጠባቂ መሣሪያ ነው። ከተራ ቻርጀር ጋር መምታታት የለበትም። መቆጣጠሪያ የሌለው ተራ ቻርጀር ለሳምንታት ተሰክቶ ቢረሳ ባትሪውን ያፈላዋል፣ ውኃውንም ያደርቀዋል። ጠባቂው ግን ባትሪው ሲሞላ ራሱ አውቆ ይቀንሳል፤ የ12 ቮልት ባትሪን ከ13.2 እስከ 13.8 ቮልት ባለው ልክ ይዞ የጎደለውን ብቻ ይተካለታል።

አገጣጠሙ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል።

1ኛ/ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ በሩ ይከፈት። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ በአጠገቡ ሲጋራም ሆነ ክብሪት ክልክል ነው። አሲዱ ዓይን ስለሚያጠፋ መነጽርና ጓንት ይደረግ።

2ኛ/ ገመዶቹ ሲፈቱ ኔጌቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰሩ ፖዘቲቩ ይቅደም። የተጋገረው ዝገት በሞቀ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ ይጠረግና ይድረቅ፤ ሶዳው ግን ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ።

3ኛ/ የጠባቂው ቀይ ሽቦ በፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ በኔጌቲቭ ራስ ላይ በቀጥታ ይታሰር። ከዋናው ማጥፊያ ወዲያ ከታሰረ ማጥፊያው ሲጠፋ ጠባቂውም ከባትሪው ይለያያልና።

4ኛ/ በቀዩ ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባ። የፊውዙ መጠን መሣሪያውን የሠራው ድርጅት የጻፈው ይሁን። ያለ ፊውዝ የተላጠ ሽቦ ብረት ቢነካ እሳት ነው። አይጥ በሚበዛበት የእህል መጋዘን አጠገብ ደግሞ ሽቦ መላጡ አይቀርም።

5ኛ/ ሽቦው ከጭስ ማውጫና ከሚሽከረከር ቀበቶ ርቆ ይታሰር። መሰኪያው ሾፌሩ ሳይጎነበስ በሚያየው ቦታ ይውጣ፤ ሳይነቅል እንዳይነሳ።

6ኛ/ ስንሰካ በመጀመሪያ ከባትሪው በኩል፣ ቀጥሎ ከ220 ቮልቱ ሶኬት እንሰካለን። ስንነቅል በተገላቢጦሽ።

አንዳንድ ማሽኖች ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎላቸው በ24 ቮልት ስለሚሠሩ፣ ጠባቂው ከመገዛቱ በፊት ይህ ይጣራ። መብራት ያልገባበት ማኅበርም ተስፋ አይቁረጥ። 10 ዋት የሆነች ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ከመቆጣጠሪያ ጋር ብትታሰር ቀደም ሲል የጠቀስኩትን የቀን ወጪ ትሸፍናለች። መቆጣጠሪያው ሰሌዳው ባትሪውን ከልክ በላይ እንዳይሞላ፣ ሌሊትም ኃይል ወደ ኋላ እንዳይፈስ ይከላከላል።

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

መሣሪያው ብቻውን አይበቃም፤ ባለቤት ያስፈልገዋል። ማሽኑ በኅዳር ብርድ አልነሳ ሲል በብዙ ቦታ ጣት የሚቀሰረው በሾፌሩ ላይ ነው። ባትሪው የሞተው ግን ሾፌሩ ሌላ ሥራ ላይ በነበረበት በግንቦትና በሰኔ ሊሆን ይችላል። የሁሉም የሆነ ንብረት የማንም እንዳይሆን የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ፦

የአጨዳው ወቅት ሲያበቃ ሾፌሩ ማሽኑን ሲያስረክብ የባትሪው ቮልት በቴስተር ተለክቶ በርክክብ ቅጹ ላይ ይጻፍ፣ ተረካቢውም ይፈርምበት። ማሽኑ ቆሞ በሚከርምበት ጊዜ አንድ በስም የታወቀ ሰው በወር ሁለት ጊዜ ይለካ፣ ይመዝግብ። ጠባቂው ተነቅሎ ባትሪው ካደረ በኋላ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሹን አጥቷል፤ ሳይውል ሳያድር ይሞላ። መክደኛው የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውኃ እንጂ የቧንቧ ውኃ አይጨመር። የቁጥጥር ኮሚቴያችንም ይህን መዝገብ እንደ ሂሳብ መዝገብ ይመርምረው። ያኔ ተጠያቂነቱ ከወሬ ወጥቶ ወደ ጽሑፍ ይገባል፤ ንጹሑም ይጠበቃል።

የወረዳ ኃላፊዎቻችንንም በአክብሮት የምንጠይቀው አለ። የማሽን መጠለያ ሲሠራ የመብራት መስመርና ደህና ሶኬት ከዕቅዱ ጋር አብሮ ይታሰብልን። ግድግዳው ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ መብራት ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። በየማኅበራችሁ ስትመለሱ የቆሙትን ማሽኖች ባትሪ አስለኩ። ቁጥሩን ጻፉት፤ ከጎኑም የኃላፊውን ስም ጻፉ።