የተገራ ብርሃን ፕሮቶንን ሲጠይቅ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተወላጆች የሆንን የፊዚክስ ተማሪዎች ስለ ትምህርታችን አንድ ንግግር እንድናሰማ ማኅበሩ ባዘዘን ጊዜ፣ ብዙ ሰው ስለ ድርቅ ወይም ስለ መሬት መሸርሸር እንናገራለን ብሎ እንደ ጠበቀ እናውቃለን። እኛ የመረጥነው ግን ከዚያ እጅግ የራቀ የሚመስል ርእስ ነው። ይኸውም ንዝረቱ በአንድ አቅጣጫ የተገራ ብርሃን ፕሮቶንን ሲመታ ሜሶን የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች እንዴት እንደሚወለዱ ነው። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በገባን ቁጥር «ይህ የምትማሩት ነገር ለእኛ ምን ይበጃል?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥር ጀምረን ካስረዳን በኋላ ለጥያቄው መልስ እንሰጣለን። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሜሶን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከሕዋው ርቀት የሚመጡ ፕሮቶኖች በላይኛው አየር ውስጥ ካለው የናይትሮጅንና የኦክሲጅን ኒውክሊየስ ጋር ሲጋጩ ፓዮን የሚባል ሜሶን ይወለዳል። ኤሌክትሪክ ያለው ፓዮን ዕድሜው አጭር ነው፤ በሰከንድ 26 ቢሊዮንኛ ያህል ጊዜ ውስጥ ፈርሶ ሙዎን ይሆናል። ሙዎኑ ግን እስከ ምድር ይደርሳል። በባሕር ጠረፍ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በየደቂቃው አንድ ያህል ሙዎን ያርፋል። እንግዲህ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ተራራ ጥግ ገብስ የሚያጭድ ገበሬ፣ በላዩ ያለው አየር ስስ ስለ ሆነ፣ ከዚህ የበዛ ይወርድበታል። እጁን ቢዘረጋ በየሰከንዱ ከአንድ የማያንስ ሙዎን መዳፉን ሰንጥቆ ያልፋል። እርሱ ግን አይሰማውም።

የጃፓኑ ሊቅ ሂደኪ ዩካዋ ፕሮቶንና ኒውትሮንን አጣብቆ የሚይዝ ሜሶን መኖር አለበት ብሎ በሒሳብ ያመለከተው በ1935 ነበር። በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሴሲል ፓወል፣ ሴዛር ላቴስ፣ ጁዜፔ ኦኪያሊኒና ባልደረቦቻቸው በ1947 ፓዮንን በዓይን አሳዩ። ያሳዩትም የፎቶግራፍ ቅባት ያለባቸውን ሳሕኖች በፈረንሳይ ፒክ ዱ ሚዲና በቦሊቪያ ቻካልታያ ተራሮች ላይ አስቀምጠው ነው። ይህን የምናነሣው እንደ ጉና ያለ ከፍታ ለሳይንስ ላቦራቶሪ ሆኖ ያገለገለበት ዘመን እንደ ነበረ ለማስታወስ ያህል ነው።

የሆነ ሆኖ ሰማዩ የሚሰጠው በራሱ ጊዜና በራሱ መጠን ነው። አንዱ ፕሮቶን ዛሬ ይመጣል፣ ሌላው ነገ ይመጣል፤ ጉልበቱም አቅጣጫውም አይታወቅም። ተፈጥሮን በሚገባ ለመጠየቅ ጥያቄውን ራሳችን ማዘጋጀት አለብን። ስለዚህ በ1948 በበርክሌይ ፓዮን በመሣሪያ ተሠራ። በ1949 ደግሞ በዚያው ቦታ ብርሃን ራሱ ፓዮን እንደሚያስወልድ ታየ። ብርሃን ስንል በዓይን የሚታየውን ሳይሆን ጉልበቱ እጅግ የበዛውን ማለታችን ነው። የብርሃን አንዱ ቅንጣት ፎቶን ይባላል። ፎቶን ክብደት የለውም። ነገር ግን ጉልበቱ 145 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ከሆነ፣ የቆመን ፕሮቶን ሲመታ ቀድሞ ያልነበረ ፓዮን ይወጣል። የገለልተኛው ፓዮን ክብደት በዚሁ መለኪያ 135 ነው፤ የቀረው ፕሮቶኑን ገፍቶ ለማስኬድ ይውላል። ጉልበት ወደ ክብደት መለወጡን ከዚህ በላይ አጉልቶ የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

አሁን «የተገራ ብርሃን» ወዳልነው እንመጣለን። ብርሃን ሲጓዝ ይነዝራል፤ የሚነዝረውም ከመንገዱ ወደ ጎን ነው። አንድ ገመድ ከምሰሶ አስረን ወደ ላይና ወደ ታች ብናወዛውዘው ማዕበሉ ቆሞ ይሄዳል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብናወዛውዘው ተኝቶ ይሄዳል። የፀሐይ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ እየነዘረ ይመጣል። አንዱን አቅጣጫ ብቻ ሲይዝ የውጭ ሰዎች ፖላራይዝድ ይሉታል፤ እኛ የተገራ እንለዋለን። ይህም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከሰማያዊው ሰማይ የሚመጣው ብርሃን በከፊል የተገራ ነው። ንብ ፀሐይ በደመና ስትሸፈንባት ከሚታያት ጥቂት ሰማይ የንዝረቱን አቅጣጫ አንብባ ወደ ቀፎዋ እንደምትመለስ ካርል ፎን ፍሪሽ በ1949 አስረድቷል። እኛ ለማየት መሣሪያ የሚያስፈልገንን ነገር የእስቴ ንብ በዓይኗ ታየዋለች ማለት ነው።

እጅግ ብርቱ የሆነውን ፎቶን ለመግራት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፈጣን ኤሌክትሮኖችን በሥሥ አልማዝ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ኤሌክትሮኑ በአቶሞች አጠገብ ሲያልፍ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ፎቶን ይተፋል። በአልማዝ ውስጥ አቶሞቹ በረድፍ የተሰለፉ ስለ ሆነ፣ አልማዙ በትክክለኛው ማዕዘን ሲያዝ የፎቶኖቹ ንዝረት ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል። በጀርመን በማይንዝና በቦን፣ በአሜሪካም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው የጄፈርሰን ላቦራቶሪ የተሠራበት ይህ ነው። ሁለተኛው መንገድ የተገራ የሌዘር ብርሃን ከፈጣን ኤሌክትሮን ጋር ፊት ለፊት አጋጭቶ ወደ ኋላ እንዲነጥር ማድረግ ነው፤ በፈረንሳይ ግሬኖብል፣ በአሜሪካ ብሩክሄቨንና በጃፓን ስፕሪንግ ኤይት በሚባለው ቦታ ተሠርቶበታል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው? ምክንያቱን በጎተራ ምሳሌ እንግለጸው። አራት ወንድማማች ያመረቱትን እህል በአንድ ጎተራ ቢያስገቡ፣ ጎተራውን የሚያይ ሰው ድምሩን እንጂ የእያንዳንዱን ድርሻ ሊያውቅ አይችልም። ፎቶን ፕሮቶንን መትቶ ፓዮን ሲወጣም ነገሩ የሚፈጸምባቸው አራት መንገዶች አሉ። ባልተገራ ብርሃን የሚገኘው የአራቱ ድምር ብቻ ነው። ብርሃኑ ሲገራ ግን መንገዶቹ አንዱ ሌላውን ሲያግዝ ወይም ሲያፈርስ ይታያል፤ ድርሻቸውም ይለያል። የብርሃኑን፣ የተመታውን ፕሮቶንና ወደ ኋላ የሚፈናጠረውን ፕሮቶን አቅጣጫ እያፈራረቁ በመለካት 16 ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። በሚገባ ከተመረጡ ስምንቱ እንደሚበቁ በ1997 በሒሳብ ተረጋግጧል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ በቁጥር እናሳይ። የብርሃኑ ንዝረት በአግድም ይሁን። ፕሮቶኑን መትቶ በንዝረቱ አቅጣጫ 70 ፓዮን፣ በንዝረቱ አንጻር ቆሞ ደግሞ 130 ፓዮን ወጣ እንበል። ልዩነቱ 60፣ ድምሩ 200 ነው፤ ሲካፈል 0.3 ይሆናል። ብርሃኑ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ከመቶ 40 ብቻ የተገራ ቢሆን፣ 0.3ን ለ0.4 አካፍለን 0.75 እናገኛለን። ይህ ቁጥር የብርሃን ሚዛነ ልዩነት ነው። ከአራት ሒሳብ ያለፈ ዕውቀት አልጠየቀንም፤ ከበስተኋላው ግን የፕሮቶን ምሥጢር አለ።

የተገኘውን ፍሬ በአጭሩ እንናገር። ፎቶን ፕሮቶንን በ340 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሲመታው ፕሮቶኑ ደልታ ወደሚባል የተቆጣ ሁኔታ ይለወጣል፤ ደልታም ብርሃን አንድን ፕሮቶን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ የሚፈጅበትን ጊዜ ያህል ብቻ ኖሮ ይፈርሳል። ፕሮቶንም ደልታም ፍጹም ድቡልቡል ቢሆኑ ኖሮ ይህ ለውጥ በአንድ መንገድ ብቻ በተፈጸመ ነበር። በ1997 በማይንዝና በብሩክሄቨን በተገራ ብርሃን ሲለካ ግን ከመቶ 2.5 እስከ 3 የሚሆን ሌላ መንገድ ተገኘ። እንግዲህ ፍጹም ድቡልቡል አይደሉም ማለት ነው። በ2017 ደግሞ በጄፈርሰን ላቦራቶሪ ግሉኤክስ የተባለው ጓድ፣ በ9 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የተገራ ብርሃን ፕሮቶንን መትቶ ለገለልተኛ ፓዮንና ለኤታ ሜሶን የወጣውን ሚዛነ ልዩነት አሳተመ። ቁጥሩ ወደ አንድ የቀረበ ነበር፤ ይህም በዚያ ጉልበት ሥራውን የሚመሩት ሮና ኦሜጋ የሚባሉት ሜሶኖች መሆናቸውን ያመለክታል። የኳርክ ትምህርት የሚተነብያቸው፣ እስካሁን ግን ያልተገኙ ብዙ የተቆጡ ፕሮቶኖችም ስላሉ ፍለጋው ይቀጥላል።

ፍለጋው ስለ ምን እንደ ሆነ ወደ አገራችን መልሰን እንናገር። በፕሮቶን ውስጥ ያሉት ሦስት ኳርኮች የገዛ ክብደታቸው ቢደመር ከ10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አይበልጥም፤ የፕሮቶን ክብደት ግን 938 ነው። የቀረው ከኳርኮቹ እንቅስቃሴና አጣብቀው ከሚይዟቸው ግሉዎኖች ጉልበት የመጣ ነው። ስለዚህ የርብና የጉማራ ምንጭ የሆነው ጉና፣ የምንሸከመው የውሃ እንስራ፣ የገዛ ሥጋችንም፣ ክብደታቸው ከሞላ ጎደል የታሰረ ጉልበት ነው። ይህ ጉልበት እንዴት እንደ ታሰረ ማንም ሰው ገና ፈጽሞ አላስረዳም። በተገራ ብርሃን የሚጠየቀው ይኸው ነው።

አሁን «ለእኛ ምን ይበጃል?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። ሚዛነ ልዩነትን ያወቀ ሰው የስማዳን ዝናም አያበዛም፤ ይበጃል ብለን ልናታልላችሁ አልመጣንም። ነገር ግን ኤሌክትሮን በአልማዝ ውስጥ ሲያልፍ ፎቶን የሚተፋበት ሥራ፣ በሆስፒታል ነቀርሳን የሚያቃጥለው መሣሪያ የሚሠራበት ያው ሥራ ነው፤ በአልማዝ ፈንታ እንደ ተንግስተን ያለ ከባድ ብረት ይገባል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከወገዳ የተነሣች ነቀርሳ ያለባት እናት ምን ያህል መንገድ እንደሚጠብቃት የስማዳ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ኤሌክትሮን የሚያፈጥኑ መሣሪያዎች ወደ አገራችን መግባት ከጀመሩ ወዲህ፣ መሣሪያውን መግዛት ብቻ እንደማይበቃ ግልጽ ሆኗል። መጠኑን የሚለካ፣ ሲበላሽ የሚያውቅ፣ በየማለዳው የሚፈትሽ የፊዚክስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከሌላ አገር እስኪመጣ የሚጠበቅ ከሆነ ሕመምተኛው አይጠብቅም።

ይህን ሰው ከየት እናመጣዋለን? ከንፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤቶች ካልሆነ ከሌላ ከየት? እ.ኤ.አ. በ2023 በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ቀርተዋል። የተዘጋ ትምህርት ቤት ጉዳቱ በዚያው ዓመት አይታይም። ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ መሣሪያው ቆሞ የሚፈትሸው ሲታጣ ይታያል። ስለዚህ የሜሶን ነገር ቅንጦት ነው የሚሉንን «አይደለም» የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ከፍተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ትውልድ ከሌለ ዝቅተኛውን የሚመልስ አይገኝም።

በሁለተኛም ደረጃ፣ በዚህ ትምህርት ላይ ድህነት በሩን ፈጽሞ አልዘጋብንም። አልማዙና የኤሌክትሮኑ መፍጠኛ በእጃችን የሉም። ነገር ግን የተለኩት ቁጥሮች ታትመው በነፃ ይገኛሉ፤ አራቱን መንገዶች ለይቶ የማውጣቱ ሥራ የሚጠይቀው ሒሳብ፣ ጠመኔና አንድ ኮምፒዩተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤትም ከየአገሩ ወጣቶችን እየሰበሰበ ሲያስተምር ቆይቷል።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለማኅበሩ እናቀርባለን። ሰላም በሆነበት ቦታ ሁሉ፣ በዕረፍት ጊዜ ወደየወረዳችን ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ የተገራ መነጽር ይዘን እንግባ። ይህ ለፀሐይ የሚደረገው ፖላራይዝድ መነጽር ነው። ተማሪው በእርሱ የካልኩሌተርን መስተዋት ተመልክቶ መነጽሩን ቀስ እያለ ያዙረው፤ ጽሑፉ ይጠፋል፣ እንደገናም ይታያል። መነጽሩንም ወደ ሰማያዊው ሰማይ አንሥቶ ቢያዞር ሰማዩ ሲጠቁርና ሲፈካ ያያል። ንብ የምታየውን እርሱም ያያል ማለት ነው። ላቦራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ላቦራቶሪ ይሆነዋል፤ ወጪውም የአንድ መነጽር ዋጋ ነው።

ከዚያም ልጁ «ለምን ጠቆረ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን አንቸኩልበት፤ ገመድና ምሰሶ ሰጥተን ራሱ እንዲያገኘው እንተወው። ጥያቄ መጠየቅን የተማረ ልጅ ነገ ፕሮቶንን ይጠይቅ ወይም የሆስፒታል መሣሪያ ይፈትሽ፣ የሚመርጠው እርሱ ነው። የእኛ ድርሻ የትምህርት ቤቱ በር ክፍት እንዲሆን መጣርና ያወቅናትን ታህል ይዘን መግባት ነው።