የቤተ ክርስቲያን ደንና የድንጋዩ ካብ



እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት በኒው ዮርክ ተሰብስበው እስከ 2030 ዓ.ም. ሊፈጸሙ የሚገባቸውን 17 ዓላማዎች ወሰኑ። 15ኛው ደንንና በየብስ ላይ ያለውን ሕይወት መጠበቅ ነው። ውሉ የተጻፈው በነገሥታትና በመኳንንት ከተማ ሳይሆን አይቀርም ይባል ይሆናል፤ የሚፈጸመው ግን በአጥቢያ ነው።

ለዚህ የደቡብ ጎንደር አገር ምስክር ነው። በዚያ ምድሩ ታርሶ ስላለቀ፥ ጽዱና ወይራው ከአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በቀር እምብዛም አይገኝም። የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች መርምረው፥ ዘሩ ወድቆ ቢበቅልም ችግኙን ከብት እየበላና እየረገጠ እንደሚያጠፋው አስረዱ። አሮጌው ዛፍ ወራሽ አጣ ማለት ነው። ከአሜሪካዊቱ ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋራ ሆነው ከሰማይ የተነሣውን ሥዕል ለካህናቱ ባሳዩ ጊዜ፥ አባቶች የደኑን ማነስ በዓይናቸው ተመለከቱ።

ከዚያ በኋላ ካህናቱና ገበሬዎቹ ተማክረው በልዩ ልዩ አጥቢያ የድንጋይ ካብ ካቡ። ድንጋዩ ከእርሻው የተለቀመ ስለ ሆነ፥ ደኑ አጥር ሲያገኝ ገበሬውም ለሞፈሩ የተመቸ መሬት አገኘ። የሁለቱ ጥቅም ባይገናኝ ኖሮ ካቡ ከጕልበት በላይ መቆሙ ያጠራጥራል። በሩ ሰውን ያሳልፋል፥ ከብትን ይከለክላል።

ይሁን እንጂ ካብ ባሕር ዛፍን አይከለክልም። ቶሎ አድጎ ገንዘብ ስለሚያስገኝ በአንዳንዱ ደን ውስጥ ይተከላል፤ የአገሩም ዛፍ ስፍራውን ይለቅለታል። ይህን የሚቈርጠው የሰበካው ጉባኤ ነው፤ ለመቅደሱ ጣራና ለካህናቱ ቀለብ የሚሆነውንም ገንዘብ ከወዴት እንደሚያገኝ ከምእመናኑ ጋራ ገና መመካከር አለበት።