የርጉዝ አሳማዎች የጋራ በረት፤ ንድፉ ከመኖው ስለ መጀመሩ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የምናገርለት እንስሳ በሀገራችን ገበታ እምብዛም ያልተለመደ ስለሆነ፣ አርእስቱ ሲነበብ ከመካከላችሁ ፈገግ ያሉ መኖራቸውን አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ነገሬ ስለ ሥጋ ሳይሆን ስለ ሕንፃ ነው።

የእንስት አሳማ የእርግዝና ጊዜ 115 ቀን ያህል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኤውሮፓና በአሜሪካ እየተስፋፋ በመጣው አሠራር፣ እርጉዟ ይህን ጊዜ የምታሳልፈው ወርዱ 60 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ በሆነ የብረት ጋጥ ውስጥ ነበር። ክብደቷ ከ200 ኪሎ የሚበልጠው ይህች እንስሳ በጋጡ ውስጥ ትቆማለች፣ ትተኛለች፤ መዞር ግን አትችልም። እንግሊዛዊቷ ሩት ሐሪሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያለውን እርባታ ለሕዝብ ካጋለጡ በኋላ፣ በ1965 በፕሮፌሰር ብራምቤል የተመራው ኮሚቴ፣ እንስሳ ቢያንስ ለመቆም፣ ለመተኛት፣ ለመዞር፣ ገላውን ለማጽዳትና እግሩን ለመዘርጋት የሚበቃ ቦታ ሊኖረው ይገባል ሲል ለብሪታንያ መንግሥት አስታወቀ። ብሪታንያ ጋጡን ከ1999 ጀምሮ ከለከለች። የኤውሮፓ ኅብረትም ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ፣ እንስቷ ከተጠቃች ከአራት ሳምንት በኋላ እስከ መውለጃዋ አንድ ሳምንት እስኪቀራት ድረስ በማኅበር እንድትኖር የሚያስገድደውን ሕግ በሁሉም እርባታዎች ላይ አጸና።

ጋጡን የነደፉት ሰዎች ጨካኞች ነበሩ ለማለት አልደፍርም። እርጉዝ አሳማ ከመጠን በላይ እንዳትሰባ በቀን የሚሰጣት መኖ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ የማይበልጥ ነው። ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ትጨርሰዋለች፤ ረኀቡ ግን አብሯት ይውላል። እንዲህ የተራቡትን በአንድነት ባሰባሰብናቸው ጊዜ ብርቱዋ የሁለት ድርሻ ትበላለች፤ ደካማዋ ቁስል ይዛ ትመለሳለች። ጋጡ ይህን ችግር በብረት ፈትቶት ነበር። ስለሆነም ብረቱ ሲነሣ ችግሩ ተመልሶ በንድፍ አውጪው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

ሕጉ የሚሰጠን ቁጥሮችን ነው። ለአንዲት የወለደች እንስት 2.25 ካሬ ሜትር፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 1.3 ካሬ ሜትር ድፍን ወለል፤ በርብራብ የኮንክሪት ወለል ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ርብራብ ቢያንስ 80 ሚሊሜትር፣ ክፍተቱ ከ20 ሚሊሜትር የማይበልጥ። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ2018 በድምፁ ያጸደቀውና በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጸናው ሕግም 24 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 2.23 ካሬ ሜትር ያህል ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው ሜትሩን ዘርግቶ ሊለካቸው ስለሚችል እነዚህ መልካም ናቸው። ነገር ግን በኤውሮፓው ሕግ ውስጥ ቁጥር የሌለው አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ይኸውም ተቀናቃኞች ባሉበት እንኳ እያንዳንዷ እንስት በቂ መኖ ማግኘት እንድትችል የሚያዘው ነው። በእኔ አስተያየት የመሐንዲሱ ሥራ በአብዛኛው ያለው በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

መኖን በወለል ላይ መበተን ርካሽ ነው፤ ጠብንም የሚጋብዝ ነው። ረጅም ገንዳን በትከሻ ልክ እየከፋፈሉ መኖውን በዝግታ ማውረድ ይሻላል፤ ፈጣኗ የራሷን ጨርሳ ወደ ጎረቤቷ ድርሻ ለመሄድ ፋታ አታገኝም። ሦስተኛው ኤሌክትሮኒክ መጋቢው ነው። መሣሪያው በጆሮዋ ላይ የተንጠለጠለውን የራዲዮ መለያ አንብቦ ከኋላዋ በሩን ይዘጋል፤ ድርሻዋንም ይሰጣታል። አንድ መጋቢ ሃምሳ ያህል እንስቶችን ሊያስተናግድ ይችላል። በቀደሙት መሣሪያዎች እንስቷ የምትወጣው ወደኋላ እያፈገፈገች ስለነበር፣ ተራ የምትጠብቀው ከኋላ ትነክሳት ነበር፤ ብዙዎቹም በብልታቸው ላይ ይቆስሉ ነበር። መውጫው ወደፊት ሲዞር ይህ በእጅጉ ቀነሰ። የአንዲት በር አቅጣጫ ካሬ ሜትር መጨመር ያላስገኘውን አስገኘች!

ሆኖም አሳማ በተፈጥሮዋ ከጓደኞቿ ጋር መብላት የምትወድ እንስሳ ስለሆነች፣ አንድ በአንድ የሚያበላ መሣሪያ በደጁ ሰልፍ ይፈጥራል። በመሆኑም ከመግቢያው ፊት ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል፤ በልታ የወጣችው ወደ መኝታዋ የምትሄድበት መንገድም በሰልፉ መካከል ማለፍ የለበትም። መኝታው በአጫጭር ግድግዳዎች ቢከፋፈል ደካሞቹ ከብርቱዎቹ ዓይን ይሰወራሉ። መውጫ የሌለው ጥግ ግን ፈጽሞ መኖር የለበትም፤ የደካማዋ መከላከያ ሽሽት ብቻ ነውና።

እንግዶች በተቀላቀሉ ጊዜ ማዕረጉ እስኪለይ አንድ ሁለት ቀን ብርቱ ጠብ ይሆናል። ጽንሱ ከማኅፀን ጋር የሚጣበቅባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዳይታወኩ ተብሎ ነው ሕጉ አራቱን ሳምንት የተወው። ስዊድንና ብሪታንያ ይህንንም አልፈቀዱም። እኔም የእነርሱን መንገድ እደግፋለሁ፤ በጠቡ ሰዓት እግር የሚሰብረው ብዙ ጊዜ እርጥብና የሚያንሸራትት ወለል ነውና፣ ወለሉን ማስተካከል ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

ስለ ጭድ ባጭሩ ልናገር። ጭድ ለአሳማዋ ሥራም ነው፣ ሆድም ይሞላል። ነገር ግን ወደ ፈሳሽ አዛባው ቦይ ሲገባ ቧንቧውን ይደፍናል። ስለዚህ የአዛባው አወጣጥ በመጀመሪያው ቀን ጭድን አስቦ መወሰን አለበት፤ በኋላ የሚጨመር አይደለም።

አስቸጋሪው አሮጌውን ሕንፃ መለወጥ ነው። ባለቤቱ የጋጦቹን የኋላ በሮች ቆርጦ ጥሎ መተላለፊያውን መዋያ ማድረግ ይፈልጋል፤ ወጪው ትንሽ ነውና። ሕጉ ግን የበረቱ ጎን ከ2.8 ሜትር እንዲበልጥ ያዛል፤ አሮጌው መተላለፊያ ደግሞ የተነደፈው መኖ ለሚገፋ ሠራተኛ እንጂ ሁለት እንስቶች ሳይጋፉ እንዲተላለፉበት አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣላችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ በምሰሶዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ።