ሮዝ ሸሚዝ የለበሱት ተማሪዎች

በ2007 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ትምህርት በተከፈተበት ዕለት ሮዝ ሸሚዝ ለብሶ ሄደ። ጉልበተኞች ሰደቡት፤ እንደሚደበድቡትም ዛቱበት። ይህን የሰሙ ሁለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ዴቪድ ሼፐርድና ትራቪስ ፕራይስ፣ 50 ሮዝ ሸሚዞች ገዙ፤ ለጓደኞቻቸውም ሮዝ እንዲለብሱ መልእክት ላኩ። ሸሚዞቹ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ታደሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችም ሮዝ ለበሱ። ዛሬ በካናዳ በየዓመቱ የካቲት ውስጥ የሮዝ ሸሚዝ ቀን ይከበራል።

የሁለቱ ወጣቶች ብልሃት ዳር ቆሞ የሚያየውን ማነቃቃታቸው ነው። ጉልበተኛ የሚበረታው ሌላው ዝም ሲለው ነዋ!

ዩኒፎርም በአለባበስ የሚመጣን ስድብ ያስቀራል የሚሉ ወላጆች አሉ። ያለውና የሌለው ልጅ አንድ ዓይነት መልበሳቸውን እኔም እደግፋለሁ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ግን በጫማው ይሰደባል፤ በቦርሳው፣ በጸጉሩ አሠራር ይሸማቀቃል። በጉርምስና ዕድሜ ደግሞ ጸጉርና ልብስ ልጁ ማንነቱን የሚሞክርባቸው ናቸው፤ እዚያ ላይ የሚሰነዘር ስድብ ጠልቆ ይገባል።

ወላጆች፣ የትምህርት ቤቱን የአለባበስ ደንብ ስትፈርሙ አንድ ነገር ጠይቁልን፦ በአለባበሱ የተሰደበ ልጅ ለማን ይናገራል? የሰማው መምህርስ ምን ያደርጋል?