ያለ ስንቅ ዘመቻ የለም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምንናገርበት ጉዳይ ምግብና የእግር ኳስ ቡድን ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ስለ መብል ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል? ከተወለድን ጀምሮ ስንበላ ኖረን የለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚሁ እንል ነበር። ነገር ግን አንድ ሽንፈት አስተማረን፤ ስለዚህ ንግግራችንን ከሽንፈታችን እንጀምራለን።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ለዋንጫ በተጋጠምን ቀን ከዕረፍት በፊት 2 ለ 0 እንመራ ነበር። ደጋፊዎቻችን ከበሮ እየመቱ ይጨፍሩ ነበር፤ አንዳንዶቹማ ዋንጫው የሚቀመጥበትን ቦታ ሳይቀር መርጠው ነበር። ከዕረፍት በኋላ ግን እግራችን አልታዘዝ አለን። በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጎሎች ተከታትለው ገቡብንና 3 ለ 2 ተሸንፈን ወጣን። ሦስቱም ጎሎች የመጡት በግራ ክንፍ በኩል ነበር። በዚያ በኩል የሚጫወተው ጓደኛችን ኳሱ ሲያልፈው ቆሞ ከማየት በቀር አልተከተለውም። እኛም ልብስ በምንለውጥበት ክፍል ውስጥ «ሰነፍ! ያሸነፍነውን ጨዋታ አንተ አስበላኸን!» እያልን ሰደብነው። እርሱ አንገቱን ደፍቶ አንዳች ቃል አልመለሰም።

ሰኞ ዕለት የባዮሎጂ መምህራችን ለ11ዳችንም ቁራጭ ወረቀት አደሉን። ስማችንን ሳንጽፍ፣ ከጨዋታው በፊት በነበረው አንድ ቀን ውስጥ የበላነውን ሁሉ እንድንጽፍ አዘዙን። ወረቀቱ ተሰብስቦ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲገለበጥ አራቱ ከሻይ በቀር ቁርስም ምሳም ያልቀመሱ ሆነው ተገኙ። አንዱ ጉልበት ይሰጠኛል ብሎ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ጥሬ ሥጋ በልቶ ነበር። በአንደኛው ወረቀት ላይ ግን «ከትናንት ምሳ ወዲህ ምንም» የሚል ብቻ ተጽፎበታል። የማን ወረቀት እንደ ሆነ መምህራችን አልጠየቁም፤ እኛም አልጠየቅንም፤ ነገር ግን ሁላችንም ወደ መሬት ተመለከትን። ከትምህርት በኋላ ወደዚያ ጓደኛችን ሄደን ይቅርታ ጠየቅነውና «ለምን አልነገርከንም?» አልነው። እርሱም «ማን ጠየቀኝ?» ሲል መለሰልን። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በእኛ ላይ ተፈጸመ። ይህንንም ዛሬ የምንናገረው በእርሱ ፈቃድ ነው።

እንግዲህ በተራበ ተጫዋች ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? እንጀራ፣ ዳቦ፣ ገብስ፣ ድንች፣ ሙዝና እነዚህን የመሳሰሉት ኀይል ሰጪ ምግቦች በሆድ ውስጥ ከተፈጩ በኋላ ወደ ስኳር ይለወጣሉ። ሰውነታችንም ከዚህ ስኳር ለጊዜው የማያስፈልገውን ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያከማቻል። ጡንቻ ለዘመቻ እንደሚነሣ ወታደር የራሱን ስንቅ ይቋጥራል ማለት ነው። የጎልማሶች እግር ኳስ ተጫዋች በ90 ደቂቃ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ የበለጠ ይጓዛል። ጉዞውም አንድ ዐይነት አይደለም፤ ይራመዳል፣ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ በድንገትም ይፈተለካል። በሰውነት ውስጥ ያለው ስብ ብዙ ቢሆንም ቀስ ብሎ ስለሚነድ ለዚህ ለድንገተኛው ሩጫ አይደርስም፤ በዚያች ሰዓት ጡንቻ የሚያነደው የቋጠረውን ስንቅ ነው።

ቤንግት ሳልቲን የተባለው ስዊድናዊ ሊቅ በ1973 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጠው፣ የጡንቻ ስንቃቸው ጎድሎ ጨዋታ የጀመሩ ተጫዋቾች ስንቃቸው ከሞላው ይልቅ ጥቂት መንገድ ሮጡ፤ ይልቁንም ከዕረፍት በኋላ መራመድ አበዙ። ጓደኛችንን ሰነፍ ያሰኘው ይኸው ነበር። እግሩ ያልሮጠው ልቡ ስላልፈቀደ ሳይሆን የሚነደው ነገር ስላለቀበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በጉበት ውስጥ ያለው ስንቅ እንደ ገና ስኳር ሆኖ በደም አማካይነት ለሌላው የሰውነት ክፍል ይታደላል። በጡንቻ ውስጥ የተቋጠረው ግን ስኳር ሆኖ ወደ ደም አይመለስም፤ ስለዚህ እግር ስንቁን ቢጨርስ ከክንድ ሊበደር አይችልም። በሜዳ ላይም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ የጠገበው ተጫዋች ለተራበው ጓደኛው ጉልበቱን ሊያበድረው አይችልም። ማካፈል የሚቻለው ከጨዋታው በፊት፣ በማዕድ ላይ ብቻ ነው።

ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በመጨረሻው ሰዓት ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ሳንወለድ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የኢትዮጵያና የግብፅ ቡድኖች 90ውን ደቂቃ 2 ለ 2 ጨረሱ። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ያገኘችው በተጨመረው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባገቧቸው ሁለት ጎሎች፣ 4 ለ 2 በማሸነፍ ነው። በዚያን ጊዜ እግር ባይታዘዝ ኖሮ ዋንጫው ወደ ሌላ አገር በሄደ ነበር።

ታዲያ ምን እንብላ? መልሱ በእናቶቻችን ጓዳ ውስጥ አለ። ከጨዋታው ሦስት ወይም አራት ሰዓት አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1 እስከ 3 ግራም ኀይል ሰጪ ነገር መመገብ ይገባል ተብሎ ይመከራል። 55 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ ከ55 እስከ 165 ግራም ይሆናል። ቂንጬ፣ ዳቦ፣ እንጀራ በሽሮ፣ የተቀቀለ ድንች ለዚህ ይበቃሉ። ቅባትና ሥጋ የበዛበት ምግብ ግን ከሆድ ቶሎ ስለማይወርድ በጨዋታ ሰዓት ይከብዳል፤ ጥሬ ሥጋ የበላው ጓደኛችን ይህን በሚገባ ይመሰክራል። ከጨዋታ በኋላም ስንቁ እንደ ገና እንዲሞላ ቶሎ መብላት ያስፈልጋል።

ለደከመው ጡንቻ መጠገኛ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት መልካም ናቸው፤ ነገር ግን እነርሱን ያላገኘ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። እህል የሚጎድለውን ምስር፣ ባቄላና ሽንብራ ይሞሉለታል፤ ስለዚህ እንጀራ በምስር ወጥ ወይም የስንዴና የባቄላ ንፍሮ እርስ በርሱ የሚረዳዳ ምግብ ነው። በትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ሽሮ ሲቀርብ የምናጉረመርም ሁሉ፣ ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ዐሥር ቀን ጥራጥሬ በልተው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮባቸው መገኘታቸውን እናስታውስ።

ብረት የተባለው ማዕድን ሲጎድል ደም አየርን በሚገባ ሊሸከም አይችልም፤ ተጫዋችም ቶሎ ይደክማል። ይህ ይልቁንም የሴቶች ቡድን ተጫዋቾች የሆኑትን እኅቶቻችንን ይመለከታል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ ከምግብ ራቅ አድርጎ መጠጣት ይሻላል። ውኃም አይረሳ። 55 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በላብ ከ1 ኪሎ በላይ ክብደት ካጣ ሩጫው ሊቀንስ ይችላል።

ስለ ጾም የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። ከእኛ መካከል ዐቢይ ጾምን የሚጾሙ አሉ፤ ረመዳንን የሚጾሙም አሉ። ማንም ስለ ኳስ ብሎ ጾሙን ይሻር አንልም። የምንለምነው የጨዋታው ሰዓትና ቀን ሲወሰን ጾመኛው እንዲታሰብ፣ ጾመኛውም በተፈቀደለት ሰዓት ምግቡንና ውኃውን ሳያጓድል እንዲወስድ ነው።

ከዚያ ሽንፈት በኋላ ያደረግነውን ነግረናችሁ ንግግራችንን እንፈጽማለን። ክዳን ያለው አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ገዝተን በክፍላችን ጥግ አስቀመጥን። ጠዋት ከደወል በፊት ያለው ያለውን የበሶ ዱቄት ይጨምርበታል፤ ማን ምን ያህል እንዳመጣ የሚጻፍበት መዝገብ የለም። ውኃ መቅዳትና በሶውን መበጥበጥ የሁሉም ተራ ነው። የልምምድና የጨዋታ ቀን ሁላችንም ከአንዱ ዕቃ እንጠጣለን፤ ስለዚህ የሚያፍር የለም።

ዘንድሮ ዋንጫ አገኘን ብለን አንዋሽም፤ አላገኘንም። ነገር ግን በመጨረሻው ጨዋታችን 1 ለ 0 ስንመራ ቆይተን፣ በ85ኛው ደቂቃ የተጋጣሚያችን አጥቂ እንደ ባለፈው ዓመት በግራ ክንፍ በኩል አምልጦ ሄደ። ያ ጓደኛችን ከኋላው ተነሥቶ ደረሰበት፤ ኳሱንም ቀማው። ያን ቀን ከጎል ይልቅ ለእርሱ ሩጫ አብዝተን አጨበጨብን።

ክቡራን ወላጆችና መምህሮቻችን! ልጅ በሜዳ ላይ ወይም በክፍል ውስጥ ሲደክም ስታዩት ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት በልቶ እንደ ሆነ ጠይቁልን። እናንተም በቦታችን የምትተኩ ታናናሾቻችን፣ ቆርቆሮውን አደራ እንሰጣችኋለን፤ ባዶውን እንዳታሳድሩት።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክልን።